የአየርላንዱ ቋጠሮና የእኛ ሐረግ

ባለፈው እትም ስለ ሐረግ፣ በብራና መጻሕፍታችን ገጾች ላይ ስለሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥ፣ ስጽፍ «የአየርላንድ መነኮሳትም ዘመዱ የሆነ ሥራ ነበራቸው» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። የዚህን ወር ደብዳቤ ሁሉ ያመጣችው ያቺ አንድ መስመር ናት። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ ዛሬ እዚሁ ላይ እቆያለሁ።

ዓምዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ፣ አንዲት ክፍል አለችኝ። የብራና መጻሕፍት እጠርዛለሁ፣ እጠግናለሁ። ሙያውን ያወረሱኝ አባቴ ናቸው፤ ጎጃም ውስጥ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። አየርላንድ ሄጄ አላውቅም። የዚያን አገር መጻሕፍት የማውቃቸው ከታተሙ ቅጂዎችና ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቁት ገጾች ነው። ከዚያም በላይ ግን ራሴ ብራና ላይ እየገለበጥኩ ስለሞከርኳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ስልኬ ላይ አንድ ሥዕል አየሁና የእኛ የድሮ ወንጌል መስሎኝ ለጓደኞቼ ላክሁት። በኋላ የአየርላንድ ‹የኬልስ መጽሐፍ› ነው ሲሉኝ በጣም አፈርኩ። እንዴት እንዲህ ሊመሳሰል ቻለ? እነሱ ከእኛ ወስደው ነው ወይስ እኛ ከእነሱ?» ከስድስት ኪሎ

ልጄ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔም መጀመሪያ ሳየው ተሳስቻለሁ። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ ሲመለስ የዚያን መጽሐፍ አንድ ገጽ በትልቁ የታተመበት ወረቀት አመጣልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁትና እንደ ልማዴ አንዱን ክር በወስፌ ጫፍ መከተል ጀመርኩ። የደበዘዘ ሐረግ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው። ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ካላወቅሁ ሌላውን አልነካም። ከላይ አለፈ፣ ከሥር ገባ፣ ከላይ አለፈ፣ ታጠፈ። የእኛ ሐረግ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ላይ ቅጠል ወይም ቡቃያ ነበር የማገኘው። እዚያ ግን ያገኘሁት የውሻ ራስ ነው። ውሻው የጎረቤቱን አንገት ነክሷል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የሌላውን እግር። ክር ያልኩት ነገር ለካ የተሳበ ገላ ኖሯል። የእኛ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ።

ስሙም ይነግርሻል። ሐረግ ማለት ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍታችን ላይ በደንብ ስታዪው፣ ከገጹ ራስ ላይ እንደ መቃን ይዘረጋል፣ ከዚያ በጎንና በዓምዶቹ መሐል ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ያቆጠቁጣል። የአየርላንዶቹ ግን እንስሳ ይወዳሉ። ወፍ፣ እባብ፣ ድመት፣ ጸጉርና ጢማቸው እርስ በርስ የተጠላለፈ ሰዎች ሳይቀሩ ቋጠሮ ውስጥ ይገባሉ።

መጽሐፉን ላስተዋውቅሽ። የኬልስ መጽሐፍ በላቲን የተጻፈ አራቱ ወንጌል ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 800 አካባቢ ነው። ዛሬ 340 ቅጠል አለው፤ በገጽ 680 መሆኑ ነው። የሚቀመጠው ደብሊን ከተማ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። የጻፉት የቅዱስ ኮሎምባ የመንፈስ ልጆች ናቸው። ኮሎምባ እ.ኤ.አ. በ563 ከአየርላንድ ተሻግሮ፣ ከስኮትላንድ ምዕራብ ባለችው በትንሿ አዮና ደሴት ላይ ገዳም የመሠረተ መነኩሴ ነው። በኋላ ቫይኪንጎች የሚባሉ የሰሜን አውሮፓ ወራሪዎች በመርከብ እየመጡ ገዳሙን ይዘርፉ ጀመር። በ806 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 68 ሰው ገደሉ። በማግሥቱ ዓመት ከመነኮሳቱ ገሚሶቹ ወደ አየርላንድ፣ ኬልስ ወደሚባል ቦታ ሸሹ። መጽሐፉ አዮና ላይ ተጀምሮ ኬልስ ላይ ሳይሠራ አይቀርም ብለው ብዙዎች ያምናሉ። በመስመር ብቻ ተነድፎ ቀለም ሳይቀባ የቀረ ጌጥ አለው። እኔ ያንን ባዶ ቦታ ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ጸሐፊው ነገ እመለስበታለሁ ብሎ ብዕሩን ያስቀመጠ ይመስለኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እኔ የማምነው ማንም ከማንም አልወሰደም። አያት ግን ይጋራሉ።

የእነሱን ገጽ ብትፈቺው ሦስት ነገር ታገኛለሽ። አንደኛው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠቀለለው ጥምዝ ነው። እሱ የራሳቸው ነው፣ ከክርስትናም በፊት የነበረ። ኬልቶች የሚባሉት የጥንት የአውሮፓ ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት 450 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በጋሻ፣ በመስተዋት ጀርባና በአንገት ጌጥ ላይ ይቀርጹት ነበር። ሊቃውንቱ ይህን አሠራር ስዊዘርላንድ ውስጥ ብዙ ዕቃ በተገኘበት ቦታ ስም ‹ላ ቴን› ይሉታል። ሁለተኛው የተጠላለፈው እንስሳ ነው። ይህ የጎረቤቶቻቸው፣ የእንግሊዝ አገሮቹ የአንግሎ ሳክሶን አንጥረኞች ሥራ ነው። ሦስተኛው ቋጠሮው ነው። ሰው ሁሉ ‹ኬልቲክ› እያለ የሚጠራው እሱ፣ ከሦስቱ ኬልቲክነቱ ያነሰው ነው። የሮማውያን ቤቶች ወለል ላይ በጠጠር ተሠርቶ ይገኛል። በግብፅ ክርስቲያኖች ጨርቅና መጽሐፍ ላይ አለ፤ ሶርያና አርመን አለ። የሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ የጋራ ሀብት ነበር። ወደ ሰሜን ወጥቶ ከጥምዙና ከውሻው ጋር ተጋባ። ወደ እኛም ወርዶ ሐረግ ሆነ።

ያ ወደ ሰሜን የሄደው መንገድ ተረት እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 አየርላንድ ውስጥ ቲፐራሪ በሚባል አውራጃ ረግረግ ሲቆፈር አንድ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ተገኘ። እሱም የተጻፈው በ800 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ባለሙያዎች የቆዳ ልባሱን ውስጠኛ ገበር ሲመረምሩ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ፓፒረስ! የዓባይ ዳር ተክል፣ አየርላንድ ረግረግ ውስጥ።

ደግሞ የወንጌሎቹን መግቢያ እዪ። የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን አራቱን ወንጌሎች በቁጥር ከፋፍሎ፣ የትኛው ታሪክ በየትኛው ወንጌል እንደሚገኝ የሚያሳይ 10 ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ሠንጠረዡን በዓምድና በቅስት መሐል ማስቀመጥ ወግ ሆነ። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ይህን ባለ ቅስት ሠንጠረዥ ይዘዋል። በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ390 እስከ 660 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ወጥቷል። ከኬልስ መጽሐፍ በብዙ ይቀድማሉ ማለት ነው። የኬልስም መጽሐፍ ሲከፈት የሚቀበልሽ እንዲሁ ባለ ቅስት ሠንጠረዥ ነው። በእርግጥ የኬልሱ አንድ ችግር አለበት። ሠንጠረዡ የሚጠቅሳቸው ቁጥሮች በወንጌሉ ገጾች ጠርዝ ላይ አልተጻፉም። ስለዚህ ቅስቶቹ አምረዋል፣ ፈልጎ ለማግኘት ግን አይረዱም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ሥዕሉ አይደለም፤ ስፌቱ ነው። እንግሊዝ አገር የቅዱስ ከዝበርት ወንጌል የምትባል ትንሽ የዮሐንስ ወንጌል አለች፤ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም። የተሠራችው በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። የቅዱሱ አስከሬን ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1104 ተገኘች። በአውሮፓ ከነጥራዟ ሳትነካ የቆየች የመጀመሪያዋ መጽሐፍ እሷ ናት። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2012 በ9 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛት። ሥዕሏን አጉልቼ ጀርባዋን ሳየው ዝም ብዬ ቀረሁ። የተሰፋችው እንደ ግብፆቹ በሁለት መርፌ፣ አንዱ ስፌት የታችኛውን እየጠለፈ እንደ ሰንሰለት በሚወጣ ክር ነው። ገበታዋ እንጨት ነው፤ ከላይ ቀይ የፍየል ቆዳ ለብሳለች።

ዛሬ ጠዋት እኔ ምን እያደረግሁ ነበር? የዋንዛ ገበታ በስቼ፣ በሁለት መርፌ ጅማት አስገብቼ፣ ጥራዙን ከጥራዝ እየጠለፍኩ ስሰፋ ነበር። ላዩን ቀይ ቆዳ አለብሰዋለሁ። አባቴ ያሳዩኝ እንዲህ ነው፤ እሳቸውም ያዩት እንዲሁ ነው። እዚያ በመስታወት ውስጥ የሚጠበቀው እጅ እዚህ ዛሬም ይሠራል። ልጄ፣ ሲመቸሽ ብቅ በይና ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እዪ። ስልክሽ ላይ ካየሽው ይበልጣል።

«ፒያሳ ንቅሳት ቤት ነው የምሠራው። ‹ኬልቲክ ኖት› የሚባለውን ቋጠሮ የሚፈልግ ደንበኛ ይበዛል። ከኢንተርኔት አውርጄ ነው የምገለብጠው፤ ራሴ ልፍጠር ስል ክሩ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋብኛል። ዘዴው ምንድን ነው? ትርጉሙንስ ምን ልበላቸው?»

ወንድሜ፣ ክሩ የሚጠፋብህ ከቋጠሮው ስለምትጀምር ነው። ቋጠሮ ከሽመና ነው የሚወጣው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ውሰድ። 6 ካሬ አግድም፣ 4 ካሬ ቁመት ያለው ሣጥን ሥራ። በአግድሙ ጠርዝ ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ ጥጉን ሳትቆጥር 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው መስመር ላይ ነጥብ አድርግ። በቁመቱ ጠርዝ፣ ከግራም ከቀኝም፣ 1ኛውና 3ኛው ላይ አድርግ። አሁን ከአንዱ ነጥብ ተነሥተህ የካሬዎቹን ጥግ በሰያፍ እየቆረጥክ ሂድ። ጠርዝ ስትደርስ እንደ ቢሊያርድ ኳስ ነጥረህ ተመለስ። እርሳስህን ሳታነሣ ሁሉንም ነጥብ ነክተህ የተነሣህበት ትገባለህ። አንድ ክር ብቻ ነው። ሣጥኑን 8 በ4 ብታደርገው ግን ሁለት ክር ይወጣሃል። 8 በ6 ካደረግከው እንደገና አንድ። ሞክረው፤ እኔ ተማሪዎቼን ቅዳሜ ቅዳሜ የማስጀምራቸው በዚህ ነው።

እዚህ ድረስ ያለህ ሽመና ነው፤ እንደ ሰሌን ያለ። ቋጠሮ የሚሆነው ስትሰብረው ነው። ሁለት ክሮች የሚተላለፉበትን አንድ ቦታ ምረጥና አጥፋው። ክሮቹ እንዳይተላለፉ ጀርባ ለጀርባ አዙራቸው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ወይም አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ያኔ መሐሉ ይከፈትና ቅርጽ ይወጣል። የት የት እንደምትሰብር የአንተ ፈንታ ነው፤ ውበቱም እዚያ ነው ያለው። በሰበርክ ቁጥር ክሩን ከመነሻው ተከተለው፤ ብዛቱ ሊለወጥ ይችላል። ይህን ዘዴ ጆርጅ ቤይን የሚባል ስኮትላንዳዊ የሥዕል መምህር በ20ኛው መቶ ዘመን ለብዙ ሰው አስተምሯል።

የመጨረሻው የላይና የታች ነገር ነው። አንዱን ክር ያዝ። ከላይ፣ ከሥር፣ ከላይ፣ ከሥር። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከላይ ካለፈ አንድ ቦታ ተሳስተሃል፤ ተመለስ። በትክክል ከሠራህ ሁልጊዜ ይገጥማል። እህቶችህ ሹሩባ ሲሠሩ አይተህ የለ? ያው ነው።

የድሮዎቹም በግምት አልሠሩም። በእንግሊዝ አገር ሊንዲስፋርን ደሴት በተጻፈው፣ የሊንዲስፋርን ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ያጌጡት ገጾች ጀርባ ላይ የኮምፓስ ቀዳዳና የተሰመረ መረብ ዛሬም ይታያል። እኛም ሐረግም ሆነ ፊደል ከመጀመራችን በፊት ብራናውን በወስፌ በስተን በደነዘ ጫፍ እናሰምራለን። መስመሩን ያላየ ሰው እጁ ዝም ብሎ የፈሰሰ ይመስለዋል። ትዕግሥቱ ያለው ግን ቀለም ከመነከሩ በፊት ነው። እዚያው መጽሐፍ ላይ የሉቃስ ወንጌል መጀመሪያ ገጽ ከ10 ሺህ በላይ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። አንድ በአንድ፣ በብዕር ጫፍ።

ትርጉሙን በተመለከተ እውነቱን ንገራቸው። «ይህኛው ዘላለማዊ ፍቅር ነው፣ ያኛው ጥንካሬ ነው» የሚባለው የዘመናችን የገበያ ስም ነው። የጻፉት መነኮሳት ይህ ቋጠሮ ይህን ማለት ነው ብለው የተዉት ጽሑፍ የለም። ደንበኛህ የራሱን ትርጉም ቢሰጠው መብቱ ነው። ግን የመነኮሳቱ ነው ብለህ አትሽጥለት።

«ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። እነዚያ ጸሐፊዎች እነማን ነበሩ? ስማቸው ይታወቃል? በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ሲሳሳቱስ ምን ያደርጉ ነበር?» ከአራት ኪሎ

መምህር፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ በጣም ደስ ብሎኝ ያነበብኩት የእርስዎን ነው። ብዙ ሰው ስለ መጽሐፉ ይጠይቃል፤ ስለ ሰውየው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የኬልስ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ስም አልተጻፈም። አጥኚዎች የፊደሉን አጣጣል እያዩ ቢያንስ አራት ሰዎች እንደጻፉት ለይተዋል። የሊንዲስፋርኑ ግን ይታወቃል። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ አልድሬድ የሚባል ካህን በመጨረሻው ገጽ ላይ ማስታወሻ ጻፈበት። የጻፈው ኤድፍሪዝ ነው ይላል። ኤድፍሪዝ ከ698 እስከ 721 እ.ኤ.አ. የሊንዲስፋርን ጳጳስ የነበረ ነው። ጽሑፉንም ጌጡንም አንድ እጅ እንደሠራው ይታመናል። አልድሬድ በዚህ አላበቃም። የጠረዘው ኤቴልዋልድ ነው ብሎም መዝግቧል። ጠራዥ በስሙ ሲታወስ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ያንን መስመር ባነበብኩ ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ስለ ኮሎምባ ራሱ የሚነገረውን ደግሞ ይስሙ። የመምህሩን መዝሙረ ዳዊት ሌሊት ተደብቆ ሲገለብጥ ጣቶቹ እንደ ሻማ ያበሩለት ነበር ይላሉ። የእኛ አባ ገሪማ ደግሞ ወንጌሉን በአንድ ቀን እስኪጨርስ ፀሐይ ቆመችለት ይባላል። እዚያ ጣት ያበራል፣ እዚህ ፀሐይ ትዘገያለች። ጸሐፊ የነበረ ሰው ሁለቱንም ታሪክ ሲሰማ ምን እንደሚሉ ያውቃል። ብርሃን ነው የሚቸግረን። አባቴ ክረምት ሲገባና ደመና ሲከብድ ብዕራቸውን አስቀምጠው ብራና ወደ መዳመጥ ይዞሩ ነበር። የኮሎምባ ታሪክ መጨረሻው ግን ክስ ነው። መምህሩ ቅጂው ይገባኛል ብሎ ንጉሥ ዘንድ ከሰሰው። ንጉሡም «ጥጃ የላሟ ነው፣ ቅጂም የመጽሐፉ ነው» ብሎ ፈረደ ይባላል።

ስህተት ነበር፣ ብዙ። ከሁሉ የሚታወቀው ኬልስ ውስጥ ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 34 ላይ ያለው ነው። ጌታ «ሰይፍን እንጂ ሰላምን ለማምጣት አልመጣሁም» ያለበት ቦታ ነው። በላቲን ሰይፍ «ግላዲዩም»፣ ደስታ «ጋውዲዩም» ነው። ጸሐፊው ሰይፉን ደስታ አድርጎ ጻፈው፤ እንደዚያው ቀረ። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ሁለት ቃል ሲቀራረብ እጅ የለመደውን ይጽፋል። አባቴ ቃል ሲስቱ ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ በምላጭ ቀስ አድርገው ይፍቁታል፣ ቦታውን በድንጋይ ያለሰልሱታል፣ እንደገና ይጽፋሉ። መስመር ከዘለሉ በጠርዙ ላይ ይጨምሩታል። ብራናውን ወደ ብርሃን ቢይዙት የተፋቀበት ቦታ ሳስቶ ይታያል። እኔ ያንን የሳሳ ቦታ በጣቴ ስነካ አባቴ አጠገቤ ያሉ ይመስለኛል።

የአየርላንድ ጸሐፊዎች ደግሞ በጠርዙ ላይ የልባቸውን ይጽፉ ነበር። ስዊዘርላንድ ሳንክት ጋለን ያለ አንድ የ9ኛው መቶ ዘመን የሰዋስው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አራት መስመር ግጥም አለ። ዛሬ ማታ ነፋሱ ብርቱ ነው፣ የባሕሩን ነጭ ጸጉር ይበትናል፣ ስለዚህ የኖርዌይ ወራሪዎች ይመጣሉ ብዬ አልሰጋም ይላል። ማዕበል ሲነሣ እፎይ የሚል መነኩሴ ይታይዎት። ሌላው ኦስትሪያ ባለ መጽሐፍ ላይ ስለ ነጭ ድመቱ ጽፏል። እሱ አይጡን ያድናል፣ እኔ ምሥጢሩን፤ ሁለታችንም በሥራችን ደስተኞች ነን ይላል።

«እውነት ለአንድ መጽሐፍ 185 ጥጃ ታርዷል? ወርቁስ ስንት ነው?» ከካዛንቺስ

ወደ 185 የጥጃ ቆዳ እንደፈጀ ይገመታል። የእነሱ ብራና የጥጃ ነው፤ የእኛ አብዛኛው የፍየል። ወርቅ ግን የኬልስ መጽሐፍ ገጾች ላይ የለም። ወርቅ የሚመስለው ቢጫ ከአርሴኒክ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ መርዝ ነው። ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን ከመጣ የከበረ ድንጋይ ነው ሲባል ኖሮ፣ በኋላ ሲመረመር ከተክል የተገኘ ሆኖ ተገኘ። ወርቅ የነበረው ልባሱ ላይ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1007 ሌባ መጽሐፉን ሰርቆ ወርቁን ገፍፎ ወሰደው። መጽሐፉ ከሁለት ወር ከ20 ሌሊት በኋላ ሣር ያለው አፈር ተጭኖበት ተገኘ። እኔን የሚያመኝ ግን ከሌባው ይልቅ የ19ኛው መቶ ዘመን ጠራዥ ነው። ጠርዙ እኩል እንዲሆንለት ብሎ ገጾቹን ሲከረክም ጌጡንም አብሮ ቆረጠው። የተቆረጠ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1953 እንደገና ተጠርዞ ዛሬ በአራት ክፍል ተለያይቶ ነው የሚቀመጠው።

«የአያቴ ዳዊት ቤታችን አለ። ገበታው ተሰንጥቋል፣ ሁለት ቅጠል ወልቋል፣ አንዳንድ ገጽ ላይ ቅባትና አቧራ አለ። በእርጥብ ጨርቅ ላጽዳው? ወይስ ላሚኔት ላስደርገው?» ከሠራተኛ ሰፈር

እባክዎ፣ እባክዎ አያድርጉት። ሁለቱንም።

ምክንያቱን ላስረዳዎት፤ ከላይ ካወራነው ጋር ይገናኛል። የአየርላንዶቹ ቀለም የሚሠራው ተርብ የወጋችው የኦክ ዛፍ ከሚያበቅለው እባጭና ከብረት ጨው ነው። ያ ቀለም ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ እንዲያውም ሲበዛ ብራናውን ይበላዋል። የእኛ ጥቁር ቀለም ግን ሌላ ነው። ጥላሸት፣ ያረረ እህል፣ የግራር ሙጫ፤ ለወራት ተበጥብጦ የከረመ። ይህ ቀለም ቆዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ጥቁረቱ ኩልል ያለ የሚሆነው። ለዚህም ነው እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ፊደሉ ከአቧራው ጋር አብሮ የሚነሣው። አንድ ጊዜ እንዲህ የታጠበ ገጽ አምጥተውልኛል። የቀረው ቀዩ ቀለምና የመስመሮቹ ምልክት ብቻ ነበር። ሴትየዋ አልቅሰው ሄዱ፤ እኔም ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም።

ላሚኔትና ስኮች ፕላስተርም ያው ናቸው። አንድ ቤት «ጠግነንልዎታል» ብሎ በስኮች የለጠፈው ገጽ ደርሶኛል። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይዞት ነበር። ብራና ሕያው ነገር ነው፤ በክረምት ይለሰልሳል፣ በበጋ ይኮማተራል። ፕላስቲክ ውስጥ ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

እስኪጠገን ድረስ እንዲህ ያድርጉ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከጥራዙ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይጥረጉ። ፊደል ያለበትን ቦታ ካጠራጠረዎት አይንኩት። የወለቁትን ሁለት ቅጠሎች ከነበሩበት ቦታ መልሰው ያስቀምጡ፤ በሙጫ አያጣብቋቸው። ኩሽና አጠገብና ግድግዳ ሥር አይሁን። ማሕደር ካለው እዚያው ይግባ። የአየርላንድ መነኮሳትም መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማሕደር ከትተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ አይጥና እርጥበት ያኔም አንድ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ከፈለጉ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የብራና ባለሙያዎች አሉ፤ ሄደው ቢያሳዩ መልካም ነው። አያትዎ ወይም የጻፈላቸው ሰው ስም መጨረሻው ገጽ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ያንን ገጽ አሁኑኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ገበታውን እኔ አያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪዎቹ ሲወጡ ይምጡ። መጽሐፉን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው በእቅፍዎ ይያዙት፤ በፌስታል አያንጠልጥሉት።